ክሊኒካል ነርስ ለመሆን አስባለሁ፤ ሥራው ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል?

ጠያቂዋ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ሲሆን ላለፉት አምስት ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ባለፈው ዓመት አባቴ ለ23 ቀናት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አስታማሚው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነርስነትን የመማር ሐሳብ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ይሁን እንጂ ያየሁት በአስታማሚ ዓይን ብቻ ነው። ነርሶቹ መድኃኒት ሲሰጡ፣ ግፊት ሲለኩ፣ ከአልጋ አልጋ ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ምን እንደሚያስቡና ምን እንደሚያስጨንቃቸው ግን አላውቅም። ቤተሰቦቼ ድካሙ የበዛ፣ ምስጋናው ያነሰ ሥራ ነው እያሉ ያሳስቡኛል። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች አንድ ፈረቃ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከባዱ ነገር የቱ እንደሆነና ዛሬ የምታውቁትን ሁሉ አውቃችሁ እንደገና ብትመርጡ ይህንኑ ትመርጡ እንደሆነ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የውስጥ ደዌ ነርስ

እህቴ፣ በውስጥ ደዌ ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ጥያቄዎን በቅንነት ስላቀረቡ እኔም የማውቀውን ልንገርዎ።

ፈረቃ የሚጀምረው በርክክብ ነው። የሚወጣው ነርስ ለሚገባው ነርስ እያንዳንዱን ታካሚ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያስረክባል፦ ሕመሙ ምንድን ነው፣ ሌሊቱን እንዴት አደረ፣ የትኛው መድኃኒት ሳይሰጥ ቀረ፣ የትኛው የላቦራቶሪ ውጤት ይጠበቃል፣ ሽንቱ ምን ያህል ሆነ። ከርክክብ በኋላ መድኃኒት ከማዘጋጀቴ በፊት ሁሉንም ታካሚዎቼን በየተራ ዞሬ አያለሁ። ከመካከላቸው ቀድሞ ሊብስበት የሚችለው ማን እንደሆነ በዚያች አጭር ዙር ካልለየሁ፣ ቀሪው ቀኔ በጮኸው ሁሉ እየተመራሁ የምሮጥበት ቀን ይሆናል።

ብዙ ሰው ነርስነትን የእጅ ሥራ አድርጎ ያየዋል። እጅ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ የሽንት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ማስገባት ሁሉም በልምምድ የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው። እኔ ግን የሙያው እምብርት ለውጥን ቀድሞ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ ታካሚውን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አይቶት ያልፋል፤ ቀንና ሌሊቱን በሙሉ የሚያሳልፈው ግን በእኛ ዓይን ሥር ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከዓመታት በፊት በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የተኙ አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት ስደርስ ሙቀታቸው 37.2 ነበር፤ የደም ግፊታቸውም ከወትሮው ብዙ አልራቀም፤ ራሳቸውም «ደህና ነኝ» አሉኝ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ስቆጥር ግን የትንፋሻቸው ብዛት 26 ሆነ፤ የሌሊቱ መዝገብ ላይ 18 ተብሎ ተጽፎ ነበር። በዚያ ላይ ትናንት ስሜን ጠርተው ያጫወቱኝ ሴት ዛሬ መልስ ለመስጠት ይዘገያሉ፣ የአንሶላውን ጠርዝ ደጋግመው ያጥፋሉ። ወዲያውኑ ሐኪም ጠራሁ። ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው ገብቶ ኖሮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግፊታቸው ወረደ፤ ፈሳሽና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቀድመን ስለጀመርንላቸው ግን ድነው ወጡ።

ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሰውነት መዳከም ሲጀምር ቀድመው ከሚለወጡት ምልክቶች አንዱ ይህ ቁጥር ነው፤ በችኮላ ጊዜ ሳይቆጠር በግምት የሚጻፈውም ይኸው ቁጥር ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሲቆጥሩ ለታካሚው አይንገሩት፤ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው አተነፋፈሱን ይለውጣል። እኔ የልብ ምት እንደሚቆጥር ሰው የእጁን አንጓ እንደያዝኩ ደረቱን አያለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ መሆንዎ ይጠቅምዎታል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ ተብሎ ቢታዘዝ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ማስገቢያው ቱቦ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። ነገር ግን የሚሠራው አንዱ ታካሚ እየጠራዎት፣ የሌላው ቤተሰብ እየጠየቀዎት፣ ስልኩም እየጮኸ ሳለ ነው።

እንደገና ብመርጥ ይህንኑ እመርጣለሁ።

የሌሊት ተረኛ

እኔ በፅኑ ሕሙማን ክፍል 8 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውም በሌሊት ነው። የውስጥ ደዌው ባልደረባችን ስለ ማየት የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ያዩትን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሐኪም ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስ ነርስ በአጭሩና በቅደም ተከተል መናገር አለባት። አሁን ምን እየሆነ ነው፣ የታካሚው ታሪክ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ከእርስዎስ ምን እፈልጋለሁ፤ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ይህ ባለ አራት ደረጃ አነጋገር መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። ጀማሪ ሳለሁ በጣም የምቸገረው በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ነበር፤ «ግፊቱ ወርዷል» ብዬ ዝም እል ነበር እንጂ «ውስጥ ውስጡን እየደማ ይመስለኛል፤ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ያንን ዓረፍተ ነገር ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ለመናገር ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል።

በእኛ ክፍል አንድ ነርስ አንድ ወይም ሁለት ታካሚ ብቻ ስለምትይዝ ሥራው ጥልቅ ነው። የመተንፈሻ መሣሪያው፣ በልዩ ፓምፕ የሚገቡት መድኃኒቶች፣ በየሰዓቱ የሚለካው ሽንት ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ካልሸና ኩላሊቱ በቂ ደም እያገኘ መሆኑን እንጠራጠራለን። የንቃት ደረጃውን የምንለካው ከ3 እስከ 15 በሚደርሰውና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሚሠራበት የግላስጎው መለኪያ ነው፤ 14 የነበረ ሰው 12 ከሆነ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተን ወደ እርሱ እንሄዳለን።

ስለ ሌሊቱ ግን እውነቱን ልናገር። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት ለመተኛት ይለምናል፤ መድኃኒት ሳሰላ ሁለት ጊዜ የማረጋግጠውም በዚያን ጊዜ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሰውነትን የቀንና የሌሊት ሥርዓት የሚያዛባ የፈረቃ ሥራን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2007 መድቦታል። ይህን የምጽፈው አውቀው እንዲገቡ ነው። መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ መሸፈን፣ ስልክ ማጥፋት፣ ከሌሊት ወደ ቀን ሲዛወሩ ቢያንስ ሁለት ቀን ዕረፍት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቤተሰብዎም የቀን እንቅልፍዎን እንደ ስንፍና እንዳያይ አስቀድመው ያስረዱ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የወጣሁ

ለሚዛናዊነት ያህል የለቀቀ ሰውም ቢናገር ይበጃል ብዬ ነው የምጽፈው። በቀዶ ሕክምና ክፍል 7 ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ታካሚ ስለጠላሁ፣ ደም ስላስፈራኝ ወይም ድካሙ ስለበረታብኝ አይደለም። ማድረግ የሚገባኝን ነገር እያወቅሁ ማድረግ አለመቻሌ ስላቆሰለኝ ነው።

በመጨረሻው ዓመት በአንድ ሌሊት 14 ታካሚ ብቻዬን እይዝ ነበር። መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረለት በጀርባው፣ በዳሌውና በተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል እንደሚወጣበት እያንዳንዱ ነርስ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከ14ቱ አምስቱ መገላበጥ የማይችሉ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ያን ቀን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሲሆኑ፣ አንዱ ደግሞ ግራ ተጋብቶ ከአልጋው ለመውረድ የሚታገል ሲሆን ሁለት ሰዓቱ አራት ይሆናል። የአንድ አዛውንት ቁስል በእኔ ፈረቃ ሲከፈት አይቻለሁ። ልጃቸው «እግዜር ይስጥልን» ብላ ስታመሰግነኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ለኃላፊዎች በተደጋጋሚ ጻፍኩ፤ መልሱ «ነርስነት እኮ የተሰጥኦ ሥራ ነው» የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት በቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ እንዳሳየው፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣውና ከ2004 ጀምሮ በተግባር ባዋለው ሕግ ለአንድ ነርስ የሚመደበውን የታካሚ ቁጥር ወስኗል። ስለዚህ እህቴ ሥራ ሲፈልጉ ከደመወዙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በሌሊት አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ይይዛል? መልስ መስጠት የማይፈልግ ቦታ መልሱን ሰጥቶዎታል።

«ጥሪ ነው» የሚለውን ቃል እንዲጠነቀቁትም እለምንዎታለሁ። የሰው ፍቅር ያለበት ሥራ መሆኑ የሰው ኃይል እጥረትን ለመሸፈኛ መዋል የለበትም።

የውስጥ ደዌ ነርስ

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአዛውንቱ ቁስል የእርስዎ ጥፋት አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል።

«ጥሪ» ስለሚለው ቃል በግማሽ እስማማለሁ፣ በግማሽ አልስማማም። የእጥረት መሸፈኛ መሆን የለበትም ባሉት እስማማለሁ። ሆኖም እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ያስታውሱ። ብዙ ሰው የሚያውቃት በሌሊት መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል በመዞሯ ነው፤ ትልቁ ሥራዋ ግን ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 በዛሬዋ ኢስታንቡል ወደነበረው የስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ከሄደች በኋላ የሞቱትን ወታደሮች በየምክንያቱ መዝግባ፣ ከቁስል ይልቅ በንጽሕና ጉድለት በሚመጣ በሽታ የሞቱት እንደሚበልጡ በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ለመንግሥት አሳየች። እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተውም በእርሷ ጥረት ነው። እርሷ ሥራውን ጥሪዋ አድርጋ ትቆጥር ነበር፤ ያም እምነቷ ባለሥልጣናትን በማስረጃ ከመሞገት አላገዳትም። ጥሪን መቀበልና የሚገባውን የሰው ኃይል መጠየቅ አንድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ የምለው ለዚህ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ የወጣሁ

ስለ መልካም ቃልዎ አመሰግናለሁ። ስለ ናይቲንጌል ያሉትን እቀበላለሁ፤ ይሁንና እርሷን የሰሟት ባለሥልጣናት ነበሩ። እኔ ቁጥሩን ይዤ ሄጄ የሚሰማ አላገኘሁም። ጠያቂዋ ይህም እንደሚያጋጥም ይወቁ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ

ልምዴ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለመግባት ለሚያስብ ሰው ቅርብ ስለሆነ ልጻፈው። ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ሳይንስ አለበት፤ የሰውነት አሠራርና የመድኃኒት ትምህርት በቃል ተይዞ የሚታለፍ አይደለም። ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይውሰዱ። እኔ በሦስተኛ ዓመቴ የተጠቀምኩበትን መርፌ ክዳኑን መልሼ ልገጥም ስል ጣቴን ወጋኝ። መርፌ ተመልሶ አይከደንም የሚለውን ደንብ አውቀው ነበር፤ ደክሞኝ ነበር። ወዲያው በሳሙናና በውኃ ታጠብኩ፣ ለኃላፊዋ ነገርኩ፣ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠውን መድኃኒት በዚያው ቀን ጀመርኩ፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ቢጀመር አይጠቅምም፣ በሰዓታት ውስጥ ሲሆን ግን ይሻላል። ውጤቱ ደህና ሆነ። የነበረው የጥበቃ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያነበብኩት ነገር አላስፈራኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ነገር ግን ፍላጎቴን አላጠፋውም። አሁን በጣም የሚያስጨንቀኝ ነገር ስሕተት ነው። በሒሳብ ሥራ አንድ ቁጥር ብሳሳት በማግስቱ አስተካክለዋለሁ። በእናንተ ሥራ ያ ዕድል አለ? የተሳሳተ ነርስስ እንዴት ሆኖ ነው በማግስቱ ወደ ሥራው የሚመለሰው?

ኃላፊ ነርስ

ይህን ጥያቄ እስኪጠይቁ ስጠብቅ ነበር፤ በ26 ዓመት አገልግሎቴ ከጀማሪዎች አፍ ያልጠፋ ጥያቄ ነውና።

መልሱን በራሴ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአባታቸው ስም ብቻ የሚለያይ ሁለት ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ በሆኑ አልጋዎች ተኝተው ነበር። ለአንደኛዋ የታዘዘውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሁለተኛዋ ሰጠሁ። ስሟን ጠርቼ «አቤት» ስላለችኝ በቂ መስሎኝ ነበር። ስሕተቱን ያወቅሁት የመዝገቡን ገጽ ስገልጥ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ገደማ። እግሬ ከዳኝ። በዚያች ደቂቃ ሁለት መንገድ እንደነበረኝ አስታውሳለሁ፤ ዝም ማለት እችል ነበር፣ ምክንያቱም ማንም አላየኝም። ሄጄ ለኃላፊዬ ነገርኳት። እርሷም አልጮኸችም፤ «መጀመሪያ ታካሚዋ» አለችኝ። ሐኪም ተጠራ፤ በየ15 ደቂቃው ግፊቷን ለካሁ፤ ወረደ፣ ፈሳሽ ተሰጣት፣ እስከ ማታ ተስተካከለ። ለታካሚዋም ራሴ ሄጄ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሷ ይቅር አለችኝ፤ እኔ ግን ለብዙ ሳምንታት አልተኛሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እገሌ ነሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ» እላለሁ፣ ከእጇ አምባር ላይ ካለው ስምና የካርድ ቁጥር ጋርም አመሳክራለሁ። ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት የሚባሉትን አምስቱን በትምህርት ቤት ሁሉም በቃሉ ይይዛቸዋል፤ በሺኛው ቀንም ሳይሰለቹ መፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ለሁለተኛ ዕድል አይመቹም። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር ቢሰጥ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ ከተራው መድኃኒት ጋር በአንድ መደርደሪያ እንዲቀመጥ አልፈቅድም። ኢንሱሊንን ሁለት ሰው ሳያየው በእኔ ክፍል አይሰጥም፤ አንዲት ዜሮ ብትጨመር አሥር እጥፍ ናትና። ደም ሲሰጥም ሁለት ነርሶች ከረጢቱንና ታካሚውን አመሳክረው፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች አንዷ ከአጠገቡ አትለይም።

እንዴት ይመለሳሉ ላሉት ደግሞ፣ የሚመለሱት የሚናገሩበት ቦታ ካለ ነው። ነርስ ስሕተቷን ስትናገር የምትዋረድበት ክፍል ስሕተት የሚደበቅበት ክፍል ይሆናል፤ የሚጎዳውም ቀጣዩ ታካሚ ነው። በሥሬ ያሉትን ሳሠለጥን «ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ» ብዬ እቆጣለሁ እንጂ ነግራኝ የተቆጣኋት የለችም። ይህን ልማድ የማያውቅ ኃላፊ ካጋጠመዎት ቦታ ይቀይሩ፣ ሙያ አይቀይሩ። መንገዱም ብዙ ነው፦ የሕፃናት ክፍል፣ ድንገተኛ፣ የኩላሊት እጥበት፣ የአእምሮ ጤና፣ ማስተማር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ እንደሚጎድሉ ገልጿልና ሥራ ያጣሉ ብዬ አልሰጋም።

ጀርባዎን ግን ይጠብቁ። ታካሚ ብቻዎን አያንሡ፤ አልጋውን እስከ ወገብዎ ከፍ አድርገው፣ ረዳት ጠርተው፣ በማንሸራተቻ አንሶላ ይሳቡ። ከሙያው ያለ ዕድሜያቸው የወጡ ብዙ ባልደረቦች ያሉኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂዋ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። አባቴ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ 16 ሆነ። ዛሬ ጠዋት ነግሬው ስቆጥር ግን 11 ብቻ አገኘሁ፤ እየተጠነቀቀ በረጅሙ ይስብ ነበር። በሚቀጥለው ወር ለአንድ ሳምንት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ እንድታዘብ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከዚያ በፊት ላነብ ወይም ልለማመድ የሚገባኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የውስጥ ደዌ ነርስ

ለአሁኑ ብዙ ማንበብ አያስፈልግዎትም። የቆጠሩትን ሲጽፉ ሰዓቱንም ይጻፉ፤ 16 የሚለው ቁጥር ሰዓት ከሌለው በኋላ ከሚመጣው ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። ከቁጥሩ በተጨማሪ ትንፋሹ እኩል እኩል መሆኑን፣ ደረቱ በሁለቱም በኩል አብሮ መነሣቱን፣ አንገቱ ሥር ያሉት ጡንቻዎች እየተሳቡ አለመሆናቸውን ይዩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ሲታዘቡም በርክክብ ሰዓት ይገኙ፤ ጠዋት የምትወጣው ነርስ መጀመሪያ የምታወራው ስለ የትኛው ታካሚ እንደሆነ ያስተውሉና ለምን እንደሆነ ይጠይቋት።